የተዋስነው ጀርባ

ኃይለማርያም ልጅ ሳለ፣ አንድ የገና ማግስት፣ ከአጥር ወዲያ ሁለት ሽማግሌዎች ሲነጋገሩ ሰምቶ ነበር። ነገሩ በጨዋታው ላይ ቅልጥሙን ስለተመታ ጎረምሳ ሳይሆን አይቀርም። አንደኛው፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለ። ሁለተኛው፣ «ጌታስ አይቆጣ፤ የተመታውስ?» አለው። ከዚያ በኋላ የተባለውን ነፋስ ወሰደው። ኃይለማርያም በሱዳን በኩል ተሰዶ ላስ ቬጋስ ገባ፤ አገባ፤ ወለደ። ጥያቄውም አብሮት ተሰደደ።

ልጁ ሊውል በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ነው። ቅርጫት ኳስ ሲጫወት አድጎ ኮሌጅ ሳለ፣ ከአውስትራሊያ የመጡ መልማዮች ዝላዩን አይተው ሜልቦርን ወሰዱት። የዚያ አገር ኳስ እንደ እንቁላል ሞላላ ናት፤ በእጅም በእግርም ትሄዳለች። መጀመሪያ ላይ ሊውል ሲመታት እሷ ወደፈለገችበት ነበር የምትሄደው። ዓመታት በሁለተኛው ቡድን አለቁ። እናቱ ከበቡሽ ማታ ማታ፣ «እግሩን አቅናለት» ብላ ትጸልያለች። ቀናለት፤ ዋናው ቡድን ገባ! አባትየውም ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና ፓርክ እያደረገ፣ ባንድ ጆሮው የሜልቦርንን ሬዲዮ እየሰማ ሕጉን ሁሉ ተማረ።

ታላቂቱንም ቀን በጆሮው ነው ያገኛት። ኳሷ ወደ ሰማይ ተመታች። ብሮዲ የሚባል የተጋጣሚ ተከላካይ ከሥሯ ቆመ። ሊውል ከኋላ በሩጫ መጥቶ፣ በጉልበቱ የብሮዲ ጀርባ ላይ ወጥቶ፣ ከሁሉም ራስ በላይ ቀለባት! በዚያ ጨዋታ ይህ «ማርክ» ይባላል፤ በሰው ጀርባ መውጣትም ሕጉ የሚፈቅደው ነው። ዘጋቢው ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ኃይለማርያም የሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ እልልታውን ቢያቀልጠው፣ የመኪናዋ ባለቤት ደንግጣ ቁልፏን ከእጁ ነጠቀችው።

ምስሉን ያየው በማግስቱ ነው። ሰው ሁሉ ዝላዩን ያያል። እሱ ከዝላዩ በኋላ ያለውን አየ፦ ሊውል ወርዶ፣ መሬት የተደፋውን ሰው ፀጉር እንደ ሕፃን ፀጉር ዳበሰና ሳቀ።

«ይቅርታ ጠይቀኸዋል?» አለው በስልክ።

«አባዬ፣ ሊጋል ነው እኮ! የዓመቱ ምርጥ ማርክ ነው እያሉ ነው!»

«ዝላዩን አላልኩህም።»

ብሮዲ ጉዳት ባይደርስበትም ከዚያ ወዲህ አልተሰለፈም። ኃይለማርያም ይህንን ከሬዲዮ ሰማ። ቅዳሴ ላይ «እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ» በተባለ ቁጥር ያ የተደፋ ሰው ፊቱ ድቅን ይልበታል። የልጁ ክብር በሰው ቅሬታ ላይ ቆሞ እንዴት ይባረክ?

የውድድር ዘመኑ አልቆ ሊውል ለእረፍት ወላጆቹ ቤት በመጣ ሰሞን፣ ሊሞዚን የሚነዳው የኃይለማርያም ጓደኛ ታዬ እያለከለከ ገባ።

«ኃይሌ! ዛሬ ማንን ብጭን ጥሩ ነው? ልጅህ የተሳፈረበትን ሰውዬ!»

«ብሮዲን?»

«እሱን ራሱን! ከጓደኞቹ ጋር ሊዝናና መጥቷል። ነገ ጠዋት ግሪን ቫሊ ያለው ፓርክ ኳስ ሊጫወቱ ነው፤ ፒክ የማደርጋቸው እኔ ነኝ።»

የኃይለማርያም ልብ ዘለለች። «እግዜር በእግሩ አመጣልን! ሽማግሌ ሆነን እንሄዳለን። ሁለት ነን፤ ሦስተኛ ሰው ፈልግ።»

«ነገ ሁሉም ሺፍት ላይ ነው።»

«እኔስ?» አለች ከበቡሽ።

«ሴት ሽማግሌ የት አይተሻል?»

«አንተስ ሊሞ የሚነዳ ሽማግሌ የት አይተሃል?»

ሊውል ከሶፋው ተነሳ። «ኖ! አባዬ፣ ፕሊስ! ይስቁብኛል። ቪዲዮ ቀርጸው ለዓለም ያሳዩኛል።»

«እሱንስ ለዓለም ማን አሳየው?» አለ ኃይለማርያም ቀስ ብሎ።

በማግስቱ ግን የመኪናውን ቁልፍ ቀድሞ ያነሳው ሊውል ነበር።

ፓርኩ ውስጥ ኳሷ ከዛፍ በላይ ትበራለች። ኃይለማርያም ነጠላውን አጣፍቶ፣ ታዬና ከበቡሽ ግራና ቀኙን ይዘው፣ ሊውል ከኋላ አቀርቅሮ ሲመጡ አንዱ አውስትራሊያዊ፣ «ሊውል! ልትዳር ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሳቅ ሆነ። ቀይ ፂም ያለው፣ ጀርባው በር የሚያህል ብሮዲ ብቻ አልሳቀም።

ኃይለማርያም እንግሊዝኛ አያጣም። እርቅ ግን በሰው ቋንቋ አልሆንልህ አለው፤ በአማርኛ ጀመረ፤ ሊውል ተረጎመ።

«ልጄ፣ ጨዋታ ጨዋታ ነው። የኛ ልጅ ከፍ ያለው ግን ባንተ ጀርባ ነው። ጀርባ ላዋሰ ሰው ምስጋና እንጂ ራሱን መዳበስ አይገባም ነበር። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለን።»

መጨረሻው ላይ ሊውል፣ አባቱ «በለን» ያለውን «በለኝ» አደረገው።

ብሮዲ ኳሷን በእጁ አገላበጠ። «ዝላዩ አላመመኝም» አለ። «ዕድሉን ባገኝ እኔም እወጣብህ ነበር። ግን አባቴ ስታዲየም ነበር። ራሴን ስትዳብሰኝ አባቴ አየ።»

ኃይለማርያም ከአጥር ወዲያ ሳይሰማው የቀረው መልስ አሁን የደረሰው መሰለው።

ሊውል እጁን ዘረጋ። ብሮዲ ጨበጠው።

«ቆይ! ያለ ካሳ እርቅ የለም» አለ ታዬ። «ምን ይካስ? ጠይቀው እንጂ!»

ብሮዲ ሲተረጎምለት ፂሙ በፈገግታ ተከፈተ። ጣቱን ወደ ሊውል ቀሰረ፦ «ጀርባህን!»

ጓደኞቹ አገሩን በጩኸት አናጉት። ስልኮች ወጡ።

«አባዬ፣ ሰውዬው በሬ ነው እኮ! ይሰብረኛል!»

«አንተ ስትወጣበት እሱ መሰላል ነበር?» አለች እናቱ።

ብሮዲ ኳሷን ለኃይለማርያም ወረወረለት። የሚመታው አባት እንዲሆን ፈለገ። ኃይለማርያም ያን ሁሉ ዓመት ሲሰማት ኖሮ ነክቷት አያውቅም። እያማተበ መታት፤ ተጠማዝዛ ሄዳ ሊሞው በር ላይ ጓ አለች።

«ሊሞዬን!» ታዬ ራሱን ያዘ።

ሊውል ሳይወድ ሳቀ፤ ኳሷን አምጥቶ አባቱ መዳፍ ላይ አስተካከለለት። «አትወርውራት አባዬ። እግርህ ላይ ጣላት።»

«ሰምቻለሁ፤ ይሄንን ስንት ዓመት ሰምቻለሁ።»

ብሮዲ ለመንደርደር ወደኋላ ራቀ። ሊውል አየው፤ ስልኮቹን አየ፤ አባቱን አየ። ከዚያ ጀርባውን ለብሮዲ ሰጥቶ ቆመ፤ እግሮቹን አንፈራጦ ሣሩን ቆነጠጠ፤ ዓይኑን ወደ ሰማይ አቀና።

«እሺ» አለ። «ይውጣብኝ። አባዬ፣ ምታት!»