ተናደሃል ወይስ ፈርተሃል?

ግሩም ከአየር ጤና ቤቴል የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሲነዳ አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሹፌር ሳይሳደብ ነድቶ አያውቅም። ያን ሰኞ ጠዋት ግን የተናደደው በመንገዱ ሳይሆን በልጁ ትምህርት ቤት ነበር።

ፀሎት አራት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ቀራንዮ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ከገባች አምስት ወሯ ነው፤ ደብተሯ ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው። የሥራ ባልደረባው የረሻድ ልጅ በሷ ዕድሜ ዐሥራ ሁለቱን ወራት በእንግሊዝኛ ታንበለብላለች፤ ረሻድም ተራ በጠበቁ ቁጥር ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮዋን ያሳያል። የግሩም ልጅስ? ጭቃ ታቦካለች፣ ለጓደኛዋ ውሃ ታካፍላለች። መምህርቷን ጽጌማርያምን ቢጠይቃት «የምንከተለው ሁለንተናዊ ትምህርት ነው፤ አእምሮዋ ብቻ ሳይሆን አካሏም፣ ስሜቷም፣ ከሰው ጋር መኖሯም አብሮ ያድጋል» አለችው። ግሩም የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አያስተምሩም።

ቤቴል ሕፃናትን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቤት ሥራ የሚያሸክም ትምህርት ቤት አለ ተባለ። እዚያ ሊያስመዘግባት ጋቢና አስቀምጧት፣ ሰው ሞልቶ ተነሳ።

አየር ጤናን እንዳለፉ አንድ ቪትዝ የቤት መኪና ከቀኝ ሽው ብሎ ፊቱ ገባ። ግሩም ፍሬን ረገጠ። ፀሎት ቀበቶዋ ባይይዛት ኖሮ ከመስታወቱ ጋር ትጋጭ ነበር።

ግሩም በሩን በርግዶ ወረደ። የቪትዙም ሹፌር እጅጌውን እየሰበሰበ መጣ።

«አንተ! ዐይን የለህም?»

ስድቡ ገና ሳይሟሟቅ ፀሎት በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። «አባዬ፣ ተናደሃል ወይስ ፈርተሃል?»

«ዝም በይ!»

«ቲቸር፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ ትላለች።»

ግሩም እጁን ያነሳው ለመምታት ነበር፤ እንዴት ደረቱ ላይ እንዳረፈ እሱም አያውቅም። ልቡ ድው ድው ይላል። በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እናቱም ሚስቱም «ተናደደ» ብለው ገለል ሲሉለት ነው የኖሩት።

«ፈርቼ ነው» አለ። «ልጄን የገደልክብኝ መስሎኝ ነው።»

የቪትዙ ሹፌር ለቡጢ እንጂ ለዚህ አልተዘጋጀም። እጅጌውን መለሰ። «እኔም ደንግጫለሁ እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ይቅርታ፣ ወንድሜ።»

ከኋላ ወንበር እማማ ወለተጻድቅ የሚባሉ ደንበኛው «የት ነው የምትማረው ይቺ ልጅ? የኔንም ልጅ ልውሰደው እንጂ፤ ዐርባ ዓመቱ ነው!» አሉ። ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። ግሩም ተመልሶ ገብቶ መኪናውን አስነሳ።

ቤቴል ደርሶ ሰዉን አራገፈ። የአዲሱ ትምህርት ቤት በር እዚያው ፊት ለፊት ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ መሪውን ይዞ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ አሁንስ ምን ይሰማሃል?»

«አሁን እንኳ... ትንሽ አፍሬያለሁ።»

ፀሎት አሰበች አሰበችና «እፍረትን ገና አልተማርንም» አለች።

«እንግዲያው ትምህርቱ ሳያመልጥሽ!» አለና መኪናውን ወደ ቀራንዮ አዞረ።