በሞቴ ያላለች እህት

አክበረት እህቷ ሰፈር ሻርሆልመን ላይ ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ውስጥ ከገባች ጀምሮ ጥርሷን እንደነከሰች ነው። ታናሽ እህቷ ርብቃ ግን አሮጌውን ከተማ ላሳይሽ ብላ፣ መኪና ወደማይገባበት የገበያ መንገድ ይዛት ወጣች። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ሱቅ በሱቅ። ቀንድ ያለው የፕላስቲክ ቆብ የደፋ ቱሪስት በየበሩ ፎቶ ይነሳል። ስንት ዘመን የኖረ ግንብ ሥር ቆመው የፍሪጅ ማግኔት ይሻማሉ! አክበረት ሱቁንም ቆቡንም በሆዷ ረገመች።

ያናደዳት ግን ማግኔቱ አይደለም። ትናንት ራት ላይ ርብቃ ባቡሩ የሚያበቃበት ኖርስቦሪ ውስጥ አንድራሃንድ፣ ማለትም ከተከራይ ላይ የሚከራይ ክፍል፣ አገኘሁልሽ አለቻት። ራስሽ አይደለሽ እንዴ የፈለግሽው ብላ ጨመረችበት።

እርግጥ ነው፣ አክበረት ከአዲስ አበባ በመጣች ሰሞን እኛ ጋ ትኖሪያለሽ ወይ ስትባል፣ ኧረ አላስቸግራችሁም፣ የራሴን እፈልጋለሁ ብላለች። ታዲያ ምን ልትል ኖሯል? ገና ሲጠይቋት እሺ ብላ ዘው ትበል? ሰው መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ይለመናል፣ ደግሞ እምቢ ይላል፣ በሞቴ ሲባል ይቀመጣል። ይህን የማያውቅ አበሻ አለ? አሁን ቋንቋው በማይገባት አገር፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ወጥ ቤት ልትጋራ ነው። እህት እያላት! ርብቃ በልጅነቷ ከአገር ወጥታ ነው፣ ማን ያስተምራት እያለች ራሷን ስታባብል አደረች።

አይስክሬም መሸጫው ጋ ሲደርሱ ርብቃ ልግዛልሽ ወይ አለቻት። አክበረት ከልማድ፣ ይቅርብኝ አለች። ርብቃም ለራሷ ብቻ ገዝታ መላስ ጀመረች።

ይሄኔ ደሟ ፈላ። መንገዱ መሀል ቀጥ ብላ ቆመች፤ አላፊ አግዳሚው ቢገፋትም ደንታ አልሰጣትም። ርብቃን በሕፃንነቷ በጀርባዋ እንዳዘለቻት፣ እናታቸው ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል፣ ሰው እንደ ትርፍ ዕቃ ኖርስቦሪ እንደማይጣል፣ ያላወረደችባት ነገር የለም።

«አንዴ አልፈልግም ስላልኩ ትተዪኛለሽ?» አለች በመጨረሻ። «በሞቴ ማለት እንኳ ጠፋሽ?»

ርብቃ መላሷን ተወች። አይስክሬሙ እየቀለጠ በጣቶቿ መሀል ወረደ። ጣቶቿን ጠርጋ ቀና አለች።

«አልጠፋኝም፣ እትዬ» አለቻት። «በሞቴ ብልሽ እሺ እንደምትይኝ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያላልኩሽ።»