ከበሩ በላይ የተከመረው

ጊስሌን በረዶውን የከመረችው ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በር በላይ፣ በዳገቱ በኩል መሆኑን ያስተዋለችው አመሻሽ ላይ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ጠዋት የታችኛውን ጥግ የአትክልት አቅራቢው መኪና ዘግቶባት ነበር። ሌሊቱን በየሱቁና በየመድኃኒት ቤቱ ደጅ በረዶ ስትጠርግ አድራ ክንዷ ዝሏል፤ እናም በመኪናዋ ፊት በተገጠመው መግፊያ ወደ ላይ ገፍታ ተወችው። ቀትር ላይ ፀሐይ ወጣች። ክምሩ ቀለጠ፣ ውሃው በመግቢያው ላይ ተንኳለለ፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅም ባለበት ረግቶ ድንጋይ ሆነ።

በካናዳዋ ሪሙስኪ ከተማ ከበር በላይ በረዶ የሚከምር ጀማሪ ብቻ ነው። እሷ ግን በዚህ ሥራ አርጅታለች።

በረዶውን እንዲያሟሟ ጨው በተነችበት። ብርድ ሲበረታ የጨው ጥርስ ይወልቃል፤ ፍሬው እንደተበተነ ቀረ። እግር እንዳያንሸራትት የምትበትነው አሸዋም አልቋል። ዛሬ ደግሞ በአዳራሹ የቢንጎ ዕጣ ጨዋታ ምሽት ነው። ቁጥር የምትጠራው ልጇ ማርጆሌን ናት፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር። ጊስሌን ገና ካሁኑ የአምቡላንስ ጩኸት ተሰማት፤ ሐኪምም አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ ታያት።

የአዳራሹ ጠባቂ ኤልዜአር ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ከውስጥ በሩን ከፍቶ ብቅ አለ።

«ሙሲዬ ኤልዜአር፣ እባክዎ ይህን በር ለዛሬ ይቆልፉልኝ። ሰው በማድ ቤቱ በኩል ይግባ፤ እዚያ ደረቅ ነው።»

«ቄሱንም በድስት መሃል ላሳልፋቸው?»

«መስታወት ሆኗል እኮ! ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከላይ ከመርኩት።»

«አንቺ ልጅ፣ አንቺ በበጋም ሰው ይንሸራተታል ብለሽ የምትሰጊ ነሽ። እኔ በዚህ በር ስወጣ ስገባ ነው የሸበትኩት።»

«ማርጆሌን ብትወድቅስ?»

«ምን ያደርጋታል? ይኸው፣ እዪኝ!»

አንድ እግሩን አስቀደመ። ሁለተኛው ሳይከተል የፊተኛው ሸሸ። ኮቷን ጨምድዶ ያዘ፤ እሷም የበሩን እጀታ። ሁለቱም እንደ ሰካራም ሲወዛወዙ ባርኔጣው ተንሸራቶ እስከ መንገዱ ሄደ።

ያኔ የማርጆሌን መኪና ብርሃን ወደ ግቢው ታጠፈ።

«እማዬ! ከሙሲዬ ኤልዜአር ጋር ዳንስ ጀመርሽ?» አለች፣ በሯን ከፍታ ሆዷን በእጇ እየደገፈች።

«እንዳትጠጊ! እዚያው ቁሚ! በማድ ቤት በኩል ዙሪ፣ ግድግዳውን ይዘሽ!»

«እሺ በቃ፤ ጩኸትሽ ራሱ ሊያስወልደኝ ነው።» ባርኔጣውን ለማንሳት ጎንበስ ልትል ስትል እናቷ ደግማ ጮኸች፤ እየሳቀች ትታው ዞረች። ጊስሌን የልጇ እርምጃ ከማድ ቤቱ ደፍ አልፎ እስኪጠፋ ድረስ ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች።

ኤልዜአር እጀታውን ተደግፎ ገባ፤ እሷንም በክንዷ ስቦ አስገባት። 

«ቄሱስ?» አለችው።

«ድስቱን እያሸተቱ ይግቡ» ብሎ ቁልፉን ከበሩ ውስጥ አዞረው።