ሆዷን የምትነፋው ዓሣ

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ዳላስ ያለችው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ወንዶች ጋልቨስተን ወርደው ባሕሩ ዳር ሲያጠምዱ፣ ጣት የምታክል ዓሣ ወጥታ እጃቸው ላይ እንደ ፊኛ ስትነፋ ሁሉም ስቀው ወደ ውሃው መለሷት። ከመካከላቸው እንግዳ የሚባለው ግን «የእግዜር ፍጥረት አይናቅም» ብሎ እሷን የመሳሰሉትን በበረዶ ይዞ ዳላስ ገባ። ሚስቱ ዓለምሸት፣ «ሆዱን የሚነፋ ነገር አልበላም!» አለችው። እልኸኛ ነውና ጠብሶ ለብቻው በላ።

መጀመሪያ ከንፈሩ ደነዘዘ፣ ከዚያ ምላሱ፣ ከዚያ እጅ እግሩ። ከሌክ ሃይላንድስ አፓርታማቸው በአምቡላንስ ሲወስዱት ትንፋሹ ሊቆም ምንም አልቀረውም። የዓሣው መርዝ ነው ተባለ። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገብቶ ማሽን ይተነፍስለት ጀመር። ዓይኑን መግለጥ እንኳ አቃተው። ጆሮው ግን ሁሉን ይሰማ ነበር፤ ይህን ማንም አላወቀለትም።

በማግስቱ ጓደኛው ሌሊሳ መጥቶ አልጋው አጠገብ ከዓለምሸት ጋር ቆመ።

«ሶ፣ የእናቱን ነገር እንዴት እናድርግ? ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ሊያረዱት ሬዲ ነበሩ።»

«የነርስነት ፈተናውን ይጨርስ ብለን ወር ሙሉ ደበቅነው፤ አሁን ደግሞ ይኼ!» አለች ዓለምሸት። «መነጽር ገዝቶላቸዋል እኮ። ሰው ሲገኝ እንልካለን እያልኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቄዋለሁ።»

«ኦኬ፣ በቃ፣ እስኪድን ካንስል እናደርገዋለን።»

እናቱ ሞታለች። ለካ የስልክ ካርድ በገዛ ቁጥር «የአገር ቤት መስመር ተበላሽቷል» የሚሉት ለዚህ ኖሯል! እንግዳ ሊጮኽ፣ ደረቱን ሊደቃ፣ መሬት ሊንከባለል ፈለገ። አንዱም አልሆነለትም። እንባ እንኳ እምቢ አለው። ማሽኑ ደረቱን ቀስ አድርጎ ያነሳል፣ ያወርዳል።

ከቀናት በኋላ ዓይኑ ተገለጠ፤ አንድ ጣቱም ተንቀሳቀሰ። ቱቦው እስኪወጣ፣ «አዎ» ለማለት ጣትህን አንዴ አንሳ፣ «አይ» ለማለት ሁለቴ፣ አለው ሐኪሙ።

ዓለምሸት ግንባሩን ሳመችው። እንቅልፍ አጥታ ፊቷ አባብጧል።

«ጌታ ይመስገን! ምንም ክፉ ነገር እንዳታስብ። እማማም ደህና ናቸው፣ እየጸለዩልህ ነው። ሰማኸኝ የኔ ጌታ?»

እንግዳ ሚስቱን ተመለከታት። የሰማውን ሁሉ በአንድ ጣት እንዴት ይናገረው? ጣቱን አንዴ አነሳላት።

ያን ጊዜ እንባው መጣ። እሷም የደስታ መስሏት አብራው አለቀሰች።