ላይመረጥ ይችላል

ጋሼ በሩን ቆርቆር አድርገው ሲገቡ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የመሰላት የንባብ ክፍሉ አምፖል እንደገና ተቃጥሎ ሊነግሯት ነው። ለራሳቸው ጉዳይ ቢሮ ገብተው አያውቁማ! ጋሼ ቢሮ ከገቡ ወይ ጣራው አፍስሷል፣ ወይ አንዱ ጠበቃ መጽሐፍ ይዞ ጠፍቷል። ዛሬ ግን ተቀመጡ ብትላቸውም አልቀመጥ አሉ።

«ልጄ» አሉ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሻሹ፣ «ያ ስልጠና ሰው ተገኘለት እንዴ?»

«ገና ነው ጋሼ። ምነው፣ የሚሆን ሰው አሰቡልኝ?»

«አዎ» ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ።»

ኃላፊዋ ሳቀች። ምን ታድርግ፣ ቀልድ መሰላታ! ቀና ብላ ፊታቸውን ስታይ ግን ሳቋን አቋረጠች። እኚህ ሰው ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ጥቂት ወራት ነው። ስልጠናው ደግሞ ሌላ ከተማ ተሂዶ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፣ ሕግና የፍርድ ውሳኔ እንዴት እንደሚፈለግ የሚማሩበት ነው። ለዚህ ለፍርድ ቤቱ ሕግ ቤተ መጻሕፍት በዓመት የሚደርሰው አንድ ቦታ ብቻ። በሚቀጥለው ዓመት ይሂዱ እንዳትላቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት ጋሼ የሉም። ወይ ዘንድሮ፣ ወይ ጭራሽ።

«እስቲ ላስብበት ጋሼ» አለች።

«አስቢበት» ብለው ወጡ።

ማሰቡን ትታ ትዝታ ውስጥ ገባች። ነገርን ነገር ያነሳዋል መቼም። እዚህ ቤት ስትቀጠር ገና ፀጉሯን ለሁለት ጎንጉና የምትመጣ ልጅ ነበረች። ያኔ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም፤ የካታሎግ ካርዱ በጽሕፈት መኪና ይመታል፣ መሳቢያ ውስጥ በረጅም ሽቦ ይሰካል። ሕግ ሲሻሻል ማሻሻያው በመቀስ ይቆረጥና ሙጫ ተቀብቶ ከአሮጌው አንቀጽ ጎን ይለጠፋል። ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሙሉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። አቤት ያ ሽታ ደስ ሲል! ዛሬ ማሻሻያው በኢሜይል ይመጣል። ኢሜይል ደግሞ ምኑ ይሸታል?

በተቀጠረች በመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ሠራች። መደርደሪያ አጽጂ ሲሏት፣ «ተሽሯል» የሚል ማህተም ያረፈበትን ሕግ ሁሉ እየለቀመች ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው። ከተሻረ ምን ይሠራል ብላ! ጋሼ እጅጌያቸውን ሰብስበው አንድ በአንድ እያወጡ፣ አቧራውን በክንዳቸው እየጠረጉ፣ «የኔ ልጅ፣ ሰው ድሮ ለሠራው ነገር የሚዳኘው በድሮው ሕግ ነው። የተሻረ ማለት የሞተ ማለት አይደለም» አሏት። አልተቆጧትም፤ ለማንም አልነገሩባትም። በኋላ ራሷ ናት ለሰው ሁሉ እየተናገረች ስታስቅ የኖረችው።

ከዚያ ስልጠና ተላከች። የመጀመሪያዋ! ከየቤተ መጻሕፍቱ የመጡ ሴቶች አንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ ተደርድረው ይተኙ ነበር። ቀን ስለ መጽሐፍ አመዳደብ ይማራሉ፣ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንበው እስኪያማቸው ይስቃሉ። ስትመለስ ሻይ ሰዓት ላይ ከመሃል አስቀመጧት። የቤቱ ወግ ነው፤ ከስልጠና የተመለሰ ሰው መሃል ይቀመጥና ያወራል፤ ሌላው ይጠይቃል፣ ያሾፋል፣ ተመላሹም ትንሽ ትንሽ ይዋሻል። መጽሐፍ ጠራዡ በተራው ሄዶ ሲመጣ ሳምንቱን ሙሉ ስለ አንድ የወረቀት መቁረጫ ማሽን አውርቶ፣ ሚስት ያገባ እንጂ ማሽን ያየ አይመስልም ነበር። ጋሼ ሻዩን ይቀዳሉ፣ ያዳምጣሉ፣ በሳቁ ቦታ ይስቃሉ።

ወይ ጉድ! ጋሼ እኮ አንድም ቀን መሃል ተቀምጠው አያውቁም።

እንዴት እንዲህ ሆነ? ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ስልጠና በመጣ ቁጥር «ጋሼ ከሄዱ አንባቢውን ማን ያስተናግዳል?» ይባላል፤ እውነት ነው፣ ማንም የለም። በቃ ሌላ ሰው ይሄዳል። ያለፉት ኃላፊዎችም እንዲህ አሉ፣ እሷም ወንበሩን ከያዘች ወዲህ እንዲሁ ስትል ከርማለች። እሳቸው ደግሞ አይናገሩም። ዝም አይነቅዝም ብለው ነው መሰል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው።

ተነስታ መደርደሪያዎቹ መሃል አገኘቻቸው፤ አንባቢ የተዋቸውን መጻሕፍት ወደ ቦታቸው እየመለሱ ነበር።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ልጠይቅዎት። ለምን ፈለጉት?»

«የደረጃ ዕድገት ፈልጌ መሰለሽ?» አሉ ሳቅ ብለው። «በስተርጅና ምን ላደርገው! ነገሩ እንዲህ ነው። እናንተ ሄዳችሁ ስትመጡ ዓይናችሁ ያበራል። አስተማሪው እንዲህ አለ፣ ጓደኛዬ እንዲህ አደረገች... እኔ የሰው ስልጠና ስሸመድድ ኖርኩ። ያንቺን እነዚያን ጓደኞች በስም አውቃቸዋለሁ እኮ! ባለቤቴም ማታ ማታ የናንተን ወሬ እየሰማች ነው ያረጀችው።» መጽሐፉን ገፋ አድርገው አስገቡት። «አንድ ጊዜ እንኳ የራሴን ላውራ ብዬ ነው፤ ሌላ አይደለም።»

ኃላፊዋ ያልጠየቋትን መጽሐፍ አቀበለቻቸው።

ወሬ ክንፍ አለው፤ ሻይ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ሰምቷል። ጠራዡ ሙጫ ያልለቀቀው ጣቱን እየፋቀ፣ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ! ጋሼ፣ ከኮረዶች ጎን ሊቀመጡ ነው?» አላቸው።

«አንተ ከማሽን ጎን ተቀምጠህ የመጣኸው ይሻላል?» አሉት፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ጋሼ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ግን ጠራዡ ወደ ኃላፊዋ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ቃል እንዳትገቢላቸው። መመሪያው አይፈቅድም። ጡረታ የደረሰ አይመረጥም ይላል፤ ኋላ ሆዳቸው ይባባል።»

ልክ ነው። ይሄን የማያውቅ የለም። እሷም በዚሁ አንቀጽ ስንቱን ሽማግሌ «አዝናለሁ» ብላ መልሳለች። ቢሆንም ገብታ መመሪያውን አወጣች። ገልጣ በጣቷ እየተከተለች፣ ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው፦ «ጡረታ ለመውጣት ከሁለት ዓመት ያነሰ ጊዜ የቀረው ሠራተኛ ለስልጠና ላይመረጥ ይችላል።»

ቆይ እስቲ። እንደገና። «ላይመረጥ ይችላል።»

አማርኛ እኮ ተንኮለኛ ነው! ቁም ነገሩን ወስዶ መጨረሻ ላይ ይሸጉጠዋል። ሰው ደግሞ ችኩል ነው፤ «ላይመረጥ» የሚለው ጋ ሲደርስ አዝኖ ይዘጋዋል፤ ማሰሪያ አንቀጹን የሚጠብቅ የለም። ሊመረጥ አይችልም ሌላ፣ ላይመረጥ ይችላል ሌላ! ላይመረጥ የሚችል ሰው ሊመረጥም ይችላላ! ፍርድ ቤት ሙሉ ዳኛና ጠበቃ፣ ቤት ሙሉ የሕግ መጽሐፍ፣ ያቺን አንዲት ቃል እስከ ጫፏ ያነበበ ጠፋ። ኃላፊዋ ደስ አላት፣ ወዲያው ደግሞ የመለሰቻቸው ሰዎች ፊት ድቅን አለባትና አፈረች። ሁለቱም ስሜት እንደያዛት ስልጠናውን የሚፈቅደው ዳይሬክተር ዘንድ ሄደች።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥድፊያ የሚበዛበት ነው እንጂ። «አይችሉም» አለ ሳያነብ። አስነበበችው። አንድ ጊዜ አነበበ፣ ደገመ፣ «እንዴ!» አለ። ከዚያ ወንበሩን ደገፍ ብሎ አያት።

«እሺ። ሊመረጡም ላይመረጡም ይችላሉ። ስለዚህ ወሳኙ እኔ ነኝ ማለት ነው። ታዲያ ንገሪኝ፣ መሥሪያ ቤቱ ምን ያገኛል? ተምረው ሲመጡ ወንበራቸው ሳይሞቅ ሊወጡ።»

ይሄን አላሰበችበትም። በሩን ስታስከፍት ውላ ገብታ የምትለውን አልያዘችም። ሌሎችን ያስተምራሉ ልትል አማራት፤ ለማስተማሪያ ግን ጊዜ ስለማይቀራቸው ውሸት ነው።

«ምንም አያገኝም» አለች።

«ምንም?»

«ምንም። መሥሪያ ቤቱ ከጋሼ የሚያገኘውን ሁሉ አግኝቶ ጨርሷል። እኔን ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ከኔ በፊት የነበሩትንም እሳቸው። እኛ እየሄድን ተማርን፣ አደግን፤ እሳቸውን ግን እኔም ጭምር እሳቸው ከሄዱ ማን ይሠራል እያልን አስቀረናቸው። ሥራ ስለቻሉ ቀጣናቸው እኮ ጌታዬ! እስከ ዛሬ መሥሪያ ቤቱ ነው ያገኘው፤ አንድ ጊዜ ጋሼ ያግኙ።» አለቃ ፊት እንዲህ ብላ አታውቅም።

ዳይሬክተሩ መመሪያውን መለሰላት። «ቦታቸውን ማን ይይዛል?»

«እኔ።»

«ኃላፊዋ መስተንግዶ ጠረጴዛ ላይ?»

«ምን አለበት፣ ከዚያ አይደል የተነሳሁት።»

ብዕሩን አነሳ። «የሚጠይቀኝ ከመጣ አንቺ ነሽ ያሳሳትሽኝ እላለሁ።»

«ይበሉ!» አለች፤ ደረጃውን የወረደችው እንደ ልጅ እየዘለለች ነው።

ጋሼ ሄዱ። በሄዱ በማግስቱ ኃላፊዋ መስተንግዶ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላ ፍዳዋን አየች። አንዱ መጽሐፍ ይላል፣ አንዱ ፎቶ ኮፒ ይላል፣ አንዱ ደግሞ ጋሼ ካልሆኑ አልጠይቅም ብሎ ተኮሳትሮ ይወጣል። በዚህ መሃል ስልኳ ጠራ።

«ልጄ!» ጋሼ ናቸው፤ በሹክሹክታ።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ! ኮሪደር ላይ ነኝ። አስወጥታኝ እኮ ነው!»

«ማን?»

«አስተማሪዋ! የልጅ ልጄን ብታክል ነው። ከጎኔ ካለው ሰውዬ ጋር ሳወራ አንድ ጊዜ ዝም በሉ አለችኝ፣ ዝም አልኩ። ደግሞ ወሬው ጣመን። ‹አባቴ፣ ወሬዎን ውጭ ጨርሰው ይግቡ› አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ!» ሳቃቸው ሹክሹክታውን አፈረሰው።

ዕድሜ ልካቸውን አንባቢውን «እሽሽ» ሲሉ የኖሩ ሰው! ኃላፊዋ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «ጋሼ፣ እዚህ እኮ እኛ...»

«ቆይ፣ አላለቀም! ሰውዬው ማን መሰለሽ፣ እሱም እንደኔ ጡረታ አፋፍ ላይ ነው። ማውሷን እንዳትሸሸው በሁለት እጁ ነው የሚይዛት። ትናንት ማታ ደግሞ...»

ጠረጴዛው ፊት ሰልፉ ረዘመ፤ አንዱ ጠበቃ ሰዓቱን እያሳየ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ኃላፊዋ ጠብቁ በሚል እጇን አነሳችላቸው። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ በሳቁ ቦታ እየሳቀች፣ ስለ አልጋው፣ ስለ ቁርሱ፣ ስለ ሰውዬው ማንኮራፋት ሁሉንም ሰማች። አንድም ቃል አላስገቧትም።

«ውይ፣ እየጠራችኝ ነው! ልግባ!» አሉ ጋሼ፤ ደህና ዋይ እንኳ ሳይሏት ስልኩን ዘጉባት።