ተደጋፊ ክፍል

ወይዘሮ ብዙወርቅ ልጅ አልወለዱም። እሳቸው ነገሌ ገበያ ዳር ጠጅ እየሸጡ፣ ባለቤታቸው ወልደሥላሴ በጦር ሰፈሩ አናጢነት እየሠሩ፣ በአንድ ረድፍ ያቆሟቸው የጭቃ ክፍሎች ነበሩ ለእርጅናቸው የታሰቡት። ወልደሥላሴ ሞቱ። በስልሳ ሰባት የትርፍ ቤት አዋጅ ወጣና ክፍሎቹ የቀበሌ ሆኑ። ለሳቸው የሚኖሩበት ቤትና ጓሮው ቀረላቸው።

በጥጉ ክፍል ዋቅቶላ የሚባል የክሊኒክ ድሬሰር ከሚስቱ ከአፀደ ጋር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ኪራዩ በግማሽ መውረዱ የተነገረ ዕለት ባልና ሚስቱ ሲዘምሩ ወይዘሮ ብዙወርቅ ሰሙ። ጴንጤዎች ናቸው፤ ደስ ሲላቸውም ሲከፋቸውም ይዘምራሉ። እሳቸው ግን የዚያን ዕለቱን እንደ ስድብ ያዙት። ከዚያ ወዲህ ዋቅቶላ በኦሮምኛ «አካም?» ሲላቸው «ናጋ» ብለው ያልፋሉ እንጂ ቆመው አያወሩም።

ኪራዩ ረከሰ፤ ቤቱን ግን የሚያድሰው ጠፋ። ቆርቆሮው ዛገ፣ ምስጥ ቋሚዎቹን በላ። ዋቅቶላ ቀበሌ በሄደ ቁጥር «በጀት ሲመጣ» ይሉታል። በራሱ እጅ እንዳይጠግን ደግሞ የመንግሥት ቤት ያለ ፈቃድ አይነካም። ተመላልሶ ተመላልሶ ሰለቸውና ተወው።

በከተማው ዙሪያ ያለው የሊበን ከብት በድርቅ ባለቀበት ዓመት ከብቱ ያለቀበት ሁሉ ወደ ከተማው ገባ፤ ባዶ ክፍል የሚባል ነገር ጠፋ። ዝናቡ ከርሞ ከርሞ በሚያዝያ ሲመጣ ሁሉንም በአንዴ ዘረገፈው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጥጉ ክፍል የኋላ ግድግዳ ተንዶ ወደቀ። አፀደ አራስ ነበረች። ሕፃኗን ይዛ በደጅ በኩል ወጣች፤ የተጎዳ የለም።

ዋቅቶላ ከቀበሌ ባዶ እጁን ተመለሰና ወይዘሮ ብዙወርቅ በር ላይ ቆመ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው።

«እትዬ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንኳ አፀደንና ልጅቷን ቢያስጠጉልኝ።»

«ቤቱ የማነው?»

«የቀበሌ።»

«እንግዲያው ቀበሌን ጠይቅ። የኔ በነበረ ጊዜ ወድቆብህ ያውቃል?»

ዋቅቶላ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሄደ።

ይህን ቃል ለመናገር ስንት ዓመት ጠብቀዋል። ተናግረውት ሲቀመጡ ግን ያሰቡት ደስታ አልመጣም። በመስኮት ሲያዩ አፀደ በተረፈው ጣሪያ ሥር ሸራ ተከናንባ ልጅቷን ታጠባለች። የፈረሰውን ግድግዳ ወልደሥላሴ ሲመርጉ ጭቃውን ያቀበሉት ወይዘሮ ብዙወርቅ ነበሩ። አሁን ጎርፉ እየጠረገ ወደ ቦዩ ይወስደዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

«ነይ ተነሺ» አሏት። «ለልጅቷ ነው። ለባልሽ አይደለም።»

አፀደ አለቀሰች። እሳቸው አላለቀሱም።

ዝናቡ ጋብ ሲል ቤቱ ጠበባቸው። ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ ወይዘሮ ብዙወርቅ እንቅልፍ አጡ። አንድ ጠዋት ዋቅቶላን ወደ ጓሮ ወሰዱት።

«የቤቴ የኋላ ግድግዳ ይኸው ቆሟል። እሱን ተደግፈህ ክፍል ብትቀጥል ሦስት ግድግዳ ነው የሚጎድልህ። ከፈረሰው የተረፈውን ቆርቆሮ ቀበሌ ይፈቅድልህ እንደሆን ጠይቅ።»

«ኪራዩስ እትዬ?»

«ማከራየት ተከልክሎ የለ? አከራየሽ ብለው እንዲያስሩኝ ነው? ደባል ነህ። ውኃዬን ትቀዱልኛላችሁ።»

የዋቅቶላ የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች መጥተው ጭቃ ረገጡ። የወይዘሮ ብዙወርቅ የማርያም ማኅበርተኛ ሐረገወይን ሳትቀር ጭድ ይዛ መጣች፤ «ከጴንጤ ጋር ጭቃ ስረግጥ ማርያም ትየኝ» እያለች። ማገሩ ሳያልቅ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሙሉነህ ደረሱ። እሳቸውም የደከማቸው ሰው ናቸው፤ ከስብሰባ መምጣታቸው ነው፤ ወደ ሌላ ስብሰባ ይሄዳሉ።

«እማማ፣ ይሄ ሰው ይከፍላል?»

«አይከፍልም።»

«ታዲያ ምንዎ ነው?»

ወይዘሮ ብዙወርቅ ዋቅቶላን አዩት። እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው።

«ዘመዴ ነው» አሉ።

«በምን በኩል?»

«በግድግዳ በኩል። ሌላ ቤት ካለዎት ይስጡትና ይሂድልኝ።»

ጓድ ሙሉነህ የሚሰጡት ቤት አልነበራቸውም። ሳቅ ሊሉ ነበር፤ ተዉት። «ቆርቆሮውን ውሰዱት። ግን ሰፋ እንዳታደርጉት» ብለው ሄዱ።

ክፍሉ ጠባብ ሆነ፤ አልጋ ገብቶበት የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። ቢሆንም አያፈስም። በዓመቱ በዚያው መንደር ሌሎችም እየተደጋገፉ ቀጠሉ፤ ጡረታ የወጣ መምህር ጓሮ ውስጥ ከሊበን የመጡት አቶ ጃታኒ ከነቤተሰባቸው ገቡ። ቀበሌውም አይቶ እንዳላየ አለፈ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በጀቱ መጣ። የጥጉ ክፍል ታድሶ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ ከሌላ አገር ተዛውሮ ለመጣ ሠራተኛ ተሰጠ። ዋቅቶላ አቤት ሊል አስቦ ነበር፤ ክሊኒክ ውሎ ሲመጣ አቅም አጣ። አፀደና ወይዘሮ ብዙወርቅ በር ላይ ቁጭ ብለው አዲሱ ሰው ዕቃውን ሲያስገባ ተመለከቱ።

«አይቆጭዎትም እትዬ?» አለች አፀደ።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ጉልበታቸውን እያሹ አሰቡ።

«ይቆጨኝ ነበር» አሉ። «አሁን ደከመኝ። ይልቅ ያቺን ልጅ ከፀሐይ አስገቢያት።»