ሽቅቡን በእግር

ወለላ ከኮላ ድባ በሌሊት ተነሥታ ጎንደር ስትደርስ ከመናኸሪያው በር ላይ ባጃጆቹ ተደርድረው ቆመዋል። ሾፌሮቹ ግን የኋላ ወንበር ላይ ተጋድመው ያወራሉ። ቤንዚን ከጠፋ ሰንብቷል።

«ወዴት ነሽ እናቴ?» አላት አንድ ቀጭን ጎልማሳ። ክንዱ ይባላል። የቆመው ከፊቱ ብስክሌት፣ ከኋላው ባጃጅ በሆነ ነገር አጠገብ ነው። የተበላሸ ባጃጁን ቆርጦ፣ ፔዳል አስበይዶ ያሠራው ነው።

«ልጄን ፍለጋ ነው። የአብነት ተማሪ ነው። ደብሩን ግን አላውቀውም።»

«አርባ አራት ታቦት ባለበት አገር?»

«ምን ላድርግ ልጄ። አባቱ ሊሞት ነው።»

ልጇ ዓይናዲስ ሞፈሩን ጥሎ ዳዊት ልማር ብሎ የኮበለለ ጊዜ፣ ባሏ ይበልጣል በሩ ላይ ቆሞ «እግርህ አይቅና» ብሎ ረግሞታል። አሁን ሆዱ አብጦ ከተኛ ወዲህ ሌላ ቃል የለውም። «ልጁን አምጪልኝ፤ በአፌ የሰጠሁትን በአፌ ላንሣለት። እኔ ከሞትሁ ማን ያነሣለታል?» ይላል። የአባትን እርግማን ከአባት በቀር የሚፈታው እንደሌለ ወለላም ታውቃለች። ስትወጣ ድምፁ ከቅል ውስጥ የሚወጣ መስሎ ነበር። «ዛሬ ይዤው እመጣለሁ» ብላው ወጣች።

ክንዱ ሸራውን ገለጥ አድርጎ አሳፈራትና ፔዳሉን ረገጠ።

«ክንዱ! ገብስ አብላው እንጂ፣ ሊወድቅብህ ነው!» አለ አንዱ ባለባጃጅ ከተጋደመበት።

«የኔስ ገብስ ይበላል። ያንተው ቤንዚን እስኪዘንብለት አፉን ከፍቶ ይጠብቅ!»

ሳቁ ከኋላቸው ቀረ። ክንዱ ትንሽ እንደሄደ አንገቱን ዘወር አድርጎ፣ እንደማፈር ብሎ፣ «እኔም የደንቢያ ልጅ ነኝ። እዚያ ይህ ባጃጄ ሸጋ ነበር፤ አገሩ ሜዳ ነዋ። ጎንደር ሳመጣው ነው ጉዱ የታየው። ሽቅቡ ላይ መውረድሽ አይቀርም» አላት።

መጀመሪያ የደረሱት ልደታ ነው። ከተማሪዎቹ ጎጆ ደጅ አንድ ጢሙ ያቀመቀመ ተማሪ ኩታውን ያጥባል።

«ዓይናዲስ የሚባል ተማሪ አለ?»

«የክርስትና ስሙ ማን ነው እናቴ? እኛ በዓለም ስም አንተዋወቅም።»

ወለላ ከንፈሯን ገጠመች። «አላውቀውም።»

«እናቱ ሆነሽ?»

«አላውቀውም አልኩህ! ከደንቢያ የመጣ ነው። ቀጭን ነው።»

«ከደንቢያ የመጣ ብዙ ነው። ወፍራም ደግሞ እዚህ ከየት ይመጣል?» ብሎ ሳቀ። «ለማንኛውም ልጆቹ ለቁራሽ ወጥተዋል። ቆይተሽ እያቸው።»

ዓይናዲስን የሚያውቅ በሌለበት ምን ልትቆይ? ወጣች።

ከዓይናዲስ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለች። የክርስትና ስማቸው በተጠመቁ ዕለት በድግሱ ላይ ለሰው ሁሉ ተነግሮ ነበር፤ በስማቸው መተት አሠሩባቸው ተባለ። ለሦስተኛው ግን ስሙን ከእሷ ሌላ ለክርስትና አባቱ ጆሮ ብቻ አስነገረች። ልጁንም «ለባዕድ እንዳትናገር» እያለች አሳደገችው።

ፒያሳን አቋረጡ። ካፌዎቹ በረንዳቸውን እያጠቡ ነው፤ ከባንኩ በር ሰው ተሰልፏል፤ የጭነት አህዮች ከሱቅ ሱቅ ይጋፋሉ። ወለላ ከሸራው ሥር አንገቷን አውጥታ ኩታ የለበሰውን ሁሉ ታያለች። መድኃኔ ዓለም ሄዱ፤ ቀሃ ኢየሱስ ወረዱ። በሁሉም ቦታ የሚጠይቋት አንድ ነገር ነው፤ የምትመልሰውም አንድ ነገር ነው።

ወደ ቁስቋም ሲወጡ ክንዱ ከፊት እየጎተተ እሷ ከኋላ ትገፋለች። መሐል ላይ ቆሞ ላቡን ጠረገ።

«ነገሩ አያገባኝም እናቴ። ግን ስሙን ምነው ብትነግሪያቸው?»

«ያጠፉብኛል!»

«እሱስ አልተናገረውም?»

«ደብቅ ብዬ ነው ያሳደግሁት።»

«ታዲያ ሲያቆርቡት በምን ይጠሩታል?»

ወለላ እጇ ከሸራው ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ እስከ ደጀ ሰላሙ ድረስ አንገቷን ደፍታ ገፋች።

ቁስቋም ላይ መሪጌታ ዕንባቆም የሚባሉ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ወለላ ክንዱን ራቅ በል ብላ፣ ተንበርክካ፣ ስሙን በጆሯቸው ተነፈሰችው።

«ገብረ ኪዳን!» አሉ መሪጌታው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የደንቢያው? ያ ድምፀ መልካሙ? ልደታ ነው እንጂ ያለው!»

ቁልቁሉን ክንዱ ፔዳሉን መርገጥ አላስፈለገውም። ግንቡም፣ ሱቁም፣ ሰዉም ወደ ኋላ በረረ። ወለላ ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወድቆ፣ እንደ ልጃገረድ ሳቀች።

ኩታ አጣቢው ተማሪ ስሙን ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ምነው እናቴ! ምነው ጠዋት ብትነግሪኝ! ለቁራሽ ወጥቶ ነበር እኮ። ቀትር ላይ ቅኔ ልማር ብሎ ወደ ጎጃም ሄደ። እህል የጫነ አይሱዙ ነው የወሰደው።»

«ስልክ አለው?»

«ቆሎ ተማሪ ምን ስልክ አለው? የሚገባበትንም ጉባኤ ቤት አልነገረንም።»

መኪናው ምናልባት ገና እየጫነ ይሆናል ብለው ወደ እህል በረንዳው ገሠገሡ። ወለላ አሁን ምንም አልደበቀችም። ከባጃጁ ግራና ቀኝ አንገቷን እያወጣች በፒያሳ መሐል «ገብረ ኪዳን! ገብረ ኪዳን!» እያለች ጮኸች። ከባንኩ በር አንድ ከረባት ያሰረ ሰው «አቤት!» ብሎ ዞረ። አንድ ጫማ ሰፊም ቀና አለ። ሁለቱም እሱ አይደሉም።

«ያ አይሱዙ? ከሄደ ቆየ እኮ» አለ እህል በረንዳው ላይ ያገኙት ጫኝ። «አሁን ማክሰኝትንም አልፎ ይሆናል።»

ክንዱ የባሕር ዳርን መንገድ አየ፤ እግሩን አየ፤ መሪውን አዞረ።

የወለላ ስልክ የጮኸው ያኔ ነው። ጎረቤቷ አባይነሽ ነበረች።

«አገኘሽው ወይ?»

«ይበልጣል እንዴት ነው?»

ከአባይነሽ ኋላ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። አንዱ ዝም እንዲሉ እየለመነ ነው።

«ነይ ብቻ» አለች አባይነሽ። «ሰው ልከንልሻል፤ ነይ ብቻ።»

ወለላ ስልኩን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። በአገሯ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ «ነይ ብቻ» ነው የሚባለው።

«ወዴት እንሂድ እናቴ?» አለ ክንዱ ቀስ ብሎ።

«መናኸሪያ።»

መንገዱ ሽቅብ ነበር። ክንዱ እንድትወርድ ሊነግራት ቢያፍርም፣ እሷ ራሷ ወርዳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ከኋላ መግፋት ጀመረች።